ስለ ኮሶ ኬሚስትሪ የተሠራ ነገር የለም ብዬ ለጠፍኩ፤ 19 ምላሽ መጣብኝ

የለጠፍኩት

ሰላም ለሁላችሁ። የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኮሶን መርጫለሁ። አበባው ውስጥ ያሉትን ውህዶች ለይቶ ማውጣት ነው ሐሳቤ። አማካሪዬ መጀመሪያ እስከዛሬ የተሠራውን ሰብስቢ ብለውኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ አፍጥጬ ለሥራዬ የሚሆን ያገኘሁት አምስት ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮሶ ኬሚስትሪ ላይ የተሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሜዳው የኔ ነው። ሌላ የሚፈለግበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ግን ጠቁሙኝ።

ይህን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ሰባት ምላሽ ጠበቀኝ። አሁን 19 ደርሷል። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠቅለል አድርጊልን እያለ ስለጨቀጨቀኝ፣ እንደ አመጣጣቸው በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉም የፈረንጅ ናቸው፤ ካልሆነ እናገራለሁ። ይህን ለምን አስቀድሜ እንደተናገርኩ ቁጥር 11 ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

ምላሽ 1

ጨዋ ሰው ነው። ርዕሱን ስለመረጥኩ አመስግኖኝ ትንሽ ጥያቄ ጣል አደረገ። ቃላቱን የፈለግኳቸው አንድ ላይ ደርድሬ ነው ወይስ ለየብቻ? አንድ ላይ ነበር። ኮሶ፣ ሀገንያ አቢሲኒካ፣ ኬሚስትሪ፣ ኢትዮጵያ፤ አራቱንም በአንድ መስመር። ጥፋቱን ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። እንዲህ ሲጻፍለት ማሽኑ አራቱም ያሉበትን ነው የሚፈልገው። ሀገንያ ብሎ የጻፈ ተመራማሪ ግን ኮሶ የሚለውን ቃል ጨርሶ ላያነሳው ይችላል። ደግሞስ የኬሚስትሪ ጽሑፍ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚል ቃል ማን ያስገባል? ወጥ የሠራች ሴት ድስቱ ላይ ወጥ ብላ አትጽፍም አለኝ። ሳቄ መጣ።

ምላሽ 2

ይቺኛዋ የዕፅዋት ሰው ናት። ሀገንያ አቢሲኒካ የሚለው ስም ራሱ ብቻውን እንደማይበቃ ነገረችኝ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎት ነበር። ሀገንያ የሚለው ስም የመጣው ከሱ በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የፋርማሲ ሰዎች ደግሞ ብራዬራ አንተልሚንቲካ ይሉታል። ኢስታንቡል ላይ መድኃኒቱን ባወቀው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራዬር ስም መሆኑ ነው። የድሮውን ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ብራዬራን ካላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። እነዚህን የጥንት ስሞች በአንድ ላይ ለማየት የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ድረ ገጽ በነፃ ክፍት ነው አለች።

ቀጥላ ወደ አጻጻፉ መጣች። ኮሶን ፈረንጅ አንዴ በሲ፣ አንዴ በኬ ይጀምረዋል። ኤሱን አንዴ ነጠላ፣ አንዴ ድርብ ያደርገዋል። መጀመሪያው ላይ ኦ ብቻ፣ ዩ ብቻ፣ ወይ ኦና ዩ አብረው ይገባሉ። እኔ የሞከርኩት አንዱን ብቻ ነው። የሷን ምላሽ ሳነብ ሁለቱ ሳምንታት ወዴት እንደሄዱ ገባኝ።

ምላሽ 3

ይሄኛው ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ማስተርስ ደርሳ ኦር እና ኤንድ የማታውቅ ተማሪ መኖሯ ገርሞታል። ኦር ምርጫ ይሰጣል፣ መረቡን ያሰፋል። ኤንድ ሁሉንም ይጠይቃል፣ መረቡን ያጠባል። ተመሳሳይ ስሞችን በኦር አያይዞ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ በኤንድ ከሌላው ቅንፍ ጋር ማገናኘት ነው። አንደኛው ቅንፍ ውስጥ የዛፉ ስሞች በሙሉ ይገባሉ። ሁለተኛው ውስጥ የኮሶ ውህዶች መሠረት የሆነውን ፍሎሮግሉሲን ጽፎ መጨረሻው ላይ ኮከብ ማድረግ። ኮከቧ ቃሉ እንዴትም ቢያልቅ አምጣው ማለት ናት። ጀርመኑ ፍሎሮግሉሲን ብሎ ያቆማል፣ እንግሊዙ ኦል ይጨምርበታል፤ ሁለቱንም ታመጣለች። ግን ኮከቧ እንደ ሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው ፐብሜድ ባሉት ላይ ነው የምትሠራው፤ ጉግል ስኮላር ላይ አትሠራም።

ስድቡ አሞኛል፤ አልዋሽም። ግን እንዳለው አደረግኩ። ከአምስት ተነስቼ 60 አለፍኩ።

ምላሽ 4

ለቀልድ የገባ ነው። የቁጥር 3ን መንገድ ሞክሮ ኮሶን በአንድ ኤስ ቢፈልግ የጃፓን መጠጥ ማስታወቂያ ወረደበት። በጃፓንኛ ኮሶ ማለት ኢንዛይም ነው ለካ። ከፍራፍሬና ከአትክልት አስፈልተው የሚጠጡት ነገር አላቸው፤ ስሙ ኮሶ። ከኛው ኮሶ የሚሻል ጣዕም እንዳለው ጠርጥሬያለሁ ብሎ ወጣ።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጋለው።

ቁጥር 5 አሜሪካ የሚኖር ወንድማችን ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። ሳይፋይንደር የሚባለውን የኬሚስትሪ ጽሑፍ መፈለጊያ ከፍታ ዛፉን መጻፍ ነው አለ፤ አለቀ። የተናገረው እውቀት ያለበት ነገር መሆኑን ግን ማመን አለብኝ። ከሳይፋይንደር ጀርባ ያለው ካስ የሚባለው የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ክፍል ነው፤ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ይገኛል። ከ1907 ጀምሮ የዓለምን የኬሚስትሪ ጽሑፍ ሲያሳጥርና ሲመዘግብ ኖሯል። ከ1965 ወዲህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኬሚካል መለያ ቁጥር ይሰጣል። ጉግል ገጹ ላይ ያለውን ቃል ነው የሚያነበው። እዚያ ግን የሰለጠነ ሰው ጽሑፉን አንብቦ የትኛው ኬሚካል እንደተሠራበት ይመዘግባል። ደራሲው በምንም ስም ቢጠራው ቁጥሩ ስር ይገባል።

ቁጥር 6 ፈነዳ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይመስለኛል። እዚህ መብራት ባለበት ሰዓት ኔት የለም፣ ኔት ባለበት መብራት የለም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም ሲል ዘረዘረ። ሳይፋይንደር በብዙ ዶላር የሚከፈልበት ነገር ነው። እሱ ያለው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ጠቁሙኝ አይልም። ውጭ ያሉ ሰዎች ምክር ከመስጠታቸው በፊት አገር ቤት የቆዩበትን ጊዜ ቢያስታውሱ ደስ ይለው ነበር።

ቁጥር 5 ተመልሶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እዚያው ምላሹ ስር ነው የጻፈው፣ ስለዚህ አዲስ ቁጥር የለውም። ልቡ ንጹሕ ሰው ነው። የራሱን የይለፍ ቃል ልላክልሽ ብሎኝ እርፍ።

ቁጥር 7 አድሚኑ ነው። የይለፍ ቃል የሚባል ነገር እዚህ መድረክ ላይ እንዳይነሳ ከለከለ። ምክንያቱን ሳያስረዳ አላለፈም። ፈቃዱ የተሰጠው ለተቋሙ ሰዎች ብቻ ነው። ያልተለመደ ሰዓት፣ ያልተለመደ አገር፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ማውረድ ሲታይ ሥርዓቱ በሩን ይዘጋል፤ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የግቢው ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። ደግነት መሆኑ ገብቶታል፤ ግን ለጓደኛ ሲሉ የጎረቤትን በር ከፍቶ መተው ነው አለ። ከዚያ የምርምር ጽሑፍ ወደሚያስነብበው ሪሰርች ፎር ላይፍ መራን። ሂናሪ፣ አጎራ የሚባሉት እዚያ ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ወገን ናት። ተቋሙ መመዝገብ አለበት እንጂ ተማሪው ሳንቲም አያወጣም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጠየቅኩ። ተመዝግቧል፤ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ምላሽ 8

ከሁሉም ረጅሙ ይሄ ነው። እኔ ብቻ ሳልሆን ብዙ ሰው አስቀምጦታል። ጸሐፊው መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሠራ ብቻ ነው የተናገረው።

መነሻው የሚከተለው ነው። ስም ይለዋወጣል፣ ሞለኪዩሉ አይለዋወጥም። ስለዚህ ፈላጊ ሰው በስም ገብቶ በመዋቅር መውጣት አለበት። ለዚህ በነፃ የሚገኘው ትልቁ ቦታ ፐብኬም ነው። የአሜሪካ የጤና ተቋም በ2004 የከፈተው ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ውህድ ይዟል።

በምሳሌ አሳየኝ። የኮሶ አበባ ውህዶች መሠረታቸው ፍሎሮግሉሲኖል የሚባለው ቀለበት ነው። ፐብኬም ላይ ያንን ጻፊ፣ ገጹ ሲከፈት ስሞች የሚለው ጋ ውረጂ አለኝ። ወረድኩ። አንድ ሞለኪዩል ስንት ስም እንዳለው አይቼ ተገረምኩ። ቤንዚን 1፣3፣5 ትሪኦል። 1፣3፣5 ትሪሃይድሮክሲቤንዚን። የጀርመንኛው። የነጋዴው። ሁሉም ያው ናቸው። ከነሱ ጋር የካስ ቁጥሩ አለ፤ 108-73-6። ይህ ቁጥር የኬሚካሉ ፋይዳ መታወቂያ ነው አለኝ። ስሙን ቢቀይር፣ አገር ቢቀይር ቁጥሩ ያው ነው።

ሌላም አለ፤ ኢንቺኪ ይባላል። 27 ምልክት ያለው፣ ከመዋቅሩ በስሌት የሚወጣ ኮድ ነው። ለዓይን ትርጉም የለውም፤ ጉግል ላይ ሲለጠፍ ግን ያንን ሞለኪዩል የያዘውን ገጽ ለቅሞ ያመጣል። የካስን ቁጥር የሚሰጠው ድርጅቱ ነው። ኢንቺኪን ግን ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ማውጣት ይችላል።

ካስ ራሱ ኮመን ኬሚስትሪ የሚል የነፃ ገጽ አለው፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የታወቁ ኬሚካሎች አሉበት። ኬምስፓይደር የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ ነው፤ እሱም ነፃ። ለእኔ ግን የጠቀመኝ በመጨረሻ የጠቀሰው ሎተስ ነው። እሱ የሚመዘግበው የትኛው ውህድ ከየትኛው ፍጡር እንደተገኘ ነው፤ ከነጽሑፉ። ከ750 ሺህ በላይ ጥንድ አለው። የዛፉን ስም ሰጥቼ የውህድ ስም አመጣልኝ። እኔ በተቃራኒው ስሄድ ነበር የከረምኩት።

ምላሽ 9

እዚህ ላይ አንድ አባት ገቡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መድረኩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቁጥር 3 እንኳ አንቱ አላቸው።

ካስ ያሳትመው የነበረውን ኬሚካል አብስትራክትስን በወረቀት ያገላበጡ ሰው ናቸው። የዓመቱ ጥራዝ መደርደሪያ ይሞላ ነበር። ማውጫዎቹ መጀመሪያ በየአስር ዓመቱ፣ ከ1957 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ እየተጠቀለሉ ይወጡ ነበር። ወረቀቱ ስስ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር። በጥር 2010 ኅትመቱ ቆመ፤ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አዝነዋል አላሉም። ጣታቸው ግን እስከዛሬ ማገላበጥ ያምረዋል።

የሳቸው ምክር ሌላ ነው። ስም ሲያስቸግር በፎርሙላ ይፈለግ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፤ ካርቦን ይቀድማል፣ ሃይድሮጅን ይከተላል፣ የቀረው በፊደል ተራ። ካፌይን ካርቦን 8፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 4፣ ኦክስጅን 2 ነው። እዚያ ገጽ ላይ ከካፌይን ጋር ዘመድ ያልሆኑም አሉ፤ ፎርሙላ ተጋሩ እንጂ አጥንታቸው ሌላ ነው። ለቅሞ መለየት የፈላጊው ሥራ ነው። ይህ መንገድ ዛሬም ፐብኬም ላይ ይሠራል።

ከዚያ ቀስ ብለው ወገቤን አሉኝ። የኮሶ ጥናት ከ1907 በፊት ነው የሚጀምረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የገባ መድኃኒት ነበር። የጀርመን ኬሚስቶች የአበባውን ውህዶች ኮሲን፣ ኮሶቶክሲን እያሉ ጽፈውበታል፤ በ1890ዎቹ አርኪፍ ዴር ፋርማትሲ መጽሔት ላይ ይገኛል። ይህንን በኬሚካል አብስትራክትስ መፈለግ ከልደቱ በፊት የተደረገ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ምስክር እንደመጥራት ነው። ለዚያ ዘመን ማውጫው ኬሚሽስ ሴንትራልብላት ነው። ከ1830 እስከ 1969 በጀርመንኛ ወጥቷል።

ሜዳው የኔ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ከ100 ዓመት በላይ ዘግይቼ።

ምላሽ 10

ሄልሲንኪ የተማረች እህት ናት። የኮሶቶክሲንንና የፕሮቶኮሲንን መዋቅር የለዩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንድ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች መሆናቸውን ነገረችኝ። አንዱ ጽሑፍ አክታ ኬሚካ ስካንዲናቪካ ላይ አለ። መጽሔቱ ዛሬ የለም፤ የድሮው ክምችት ግን በነፃ ክፍት ነው። እዚያው አወረድኩት። ስልኬ ላይ ተጋድሜ ያነበብኩት የመጀመሪያው የኮሶ ጽሑፍ ይሄ ነው።

ፊንላንዶች ኮሶን ምን አድርገው አገኙት? መልሱ ደስ ይላል። አስቀድመው የፈርን ሰዎች ነበሩ። አውሮፓ ውስጥ ወንዴ ፈርን የሚሉት አለ፤ ሥሩ እንደኛው ኮሶ የኮሶ ትል ማስወጫ ነበር። ሁለቱ ተክሎች በዘር አይገናኙም፤ አንዱ ዛፍ ነው፣ አንዱ ጫካ መሬት ላይ የሚበቅል ቅጠል። ውስጣቸው ግን የሚመሳሰሉ የፍሎሮግሉሲኖል ውህዶች አሉ። በስም ቢፈለግ አይገናኙም። ፐብኬም መሳያው ላይ ቀለበቱን ስሎ ይህን አካል የያዘውን ሁሉ አምጣ ሲሉት ግን አብረው ይወጣሉ። ሞከርኩት። ስለ ፈርን የተጻፈው ውስጥ ለኔ ማለያ ዘዴ የሚሆን ነገር አገኘሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምራለች። ፍሎሮግሉሲኖል ሁለት መልክ አለው። ሃይድሮጅኗ ቦታ ስትቀይር ሦስቱ ኦኤች ወደ ሦስት ኪቶን ይዞራሉ። አንዱ ሰው በአንዱ መልክ ይስለዋል፣ ሌላው በሌላው። ፐብኬም ሁለቱን አንድ ለማድረግ ይሞክራል፤ ሁሉም ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ስሎ መፈለግ ነው።

ምላሽ 11

ይህ ሰው በራሱ የደረሰ ነገር አመጣ። አማካሪው የ87ቱን ሥራ እይ ይሉታል። የ1987ን መጽሔት አንድ በአንድ ፈተሸ፤ የለም። ሳምንት አለፈ። በኋላ ሲገለጥ ሽማግሌው 1987 ዓመተ ምሕረት ማለታቸው ነበር፤ በፈረንጅ 1994 ወይ 95። አገር ውስጥ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲፈለግ ሁለቱንም አቆጣጠር መሞከር ግዴታ ነው አለ።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። የፈረንጅ መዝገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያዩት በ1964 አድዋ ነው። ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው። መዝገቡ ውስጥ ግን ለማ ተብለው ነው የሚገኙት። ከእንዶድ የወጣው ውህድ እንኳ ለማቶክሲን ተባለ፤ ዝናው ለአባታቸው ስም ደረሰ። የአገራችን ሰው ሲፈለግ በራሱም በአባቱም ስም መሞከር ነው። አንዳንዱ ላይ አያትም ይገባል።

ምላሽ 12 እና 13

ከዚህ በኋላ ክሩ አቅጣጫውን ሳተ። ቁጥር 12 አያቷ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር አወራች። ያን ቀን ቤታቸው እንግዳ አይገባም። ቁጥር 13 ደግሞ ኮሶ ጠጥቷል ማለት በድሮ ጊዜ ባለዕዳ የማይፈልገውን እንግዳ ከደጅ የሚመልስበት ዘዴ ነበር አለ። ከዚያ የሴቷ ዛፍ አበባ ነው ወይስ የወንዱ የሚል ክርክር ተነሳ። የሴቷ ነው። ቁጥር 2 ተመልሳ ገብታ አረጋገጠች።

ምላሽ 14

ሐኪም ነው፤ ቀልዱን አቆመው። ኮሶ ሲበዛ መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። በ1969 ኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ስለ ኮሶ መመረዝና ስለ ዓይን ጉዳት ጽሑፍ ወጥቷል። አንዳቸውም የኬሚስትሪ ፈላጊዎች ያላነሱት ፐብሜድ ላይ ስላልፈለጉ ነው ሲል ወረፈን።

ምክሩም ጠቃሚ ነው። ፐብሜድ ላይ ከ1975 በፊት የወጡት መዝገቦች በአብዛኛው አሕጽሮት የላቸውም። ርዕስ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ለድሮው ጽሑፍ ሁለት ሦስት ቃል አይደረደርም። አንድ ቃል፣ ያውም ርዕስ ላይ ሊኖር የሚችል ቃል ብቻ። ኮሶ የሚለውን ብቻውን ፈለግኩ፤ ወጣ።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17

ቁጥር 15 ወጣት ልጅ ይመስለኛል። ይህን ያህል መቸገር ለምን አስፈለገ ብሎ ለኤአይ ጠይቆ የአሥር ጽሑፎች ዝርዝር ለጠፈልኝ። ከነደራሲው፣ ከነገጹ፣ ከነካስ ቁጥሩ። ሲታይ ያምራል።

ቁጥር 16 ስምንተኛው ነው፤ የፋብሪካው ሰው። ዝርዝሩን ፈልጎ ሰባቱን በምድር ላይ አጣቸው። ከዚያ ከቁጥሮቹ አንዱን አወጣ፤ 5236-41-4። ይህ ቁጥር ሳይፈለግ ውሸት መሆኑ ይታወቃል አለ። የካስ ቁጥር የመጨረሻዋ አኃዝ መቆጣጠሪያ ናት። የቀሩትን ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያባዙ መደመር ነው፤ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ከሷ ጋር መግጠም አለበት። ካፌይን 58-08-2 ነው። 8 በ1፣ 0 በ2፣ 8 በ3፣ 5 በ4፤ ድምሩ 52፣ መጨረሻው 2። ገጠመ። የልጁ ቁጥር ድምሩ 79 ይመጣል። መጨረሻው 9 መሆን ሲገባው 4 ተጽፏል። እንዲህ ያለ ኬሚካል አልተወለደም።

ቁጥር 17 ያው ልጅ ነው፣ ተቆጥቶ። ለመርዳት መጥቼ ተሰደብኩ አለ። እውነቱን ነው፤ አነጋገሩ ከበድ ያለ ነበር። ግን ሰባት የሌለ ጽሑፍ መመረቂያዬ ውስጥ ቢገባ መከላከያዬ ቀን ማን አብሮኝ ይቆም ነበር? አድሚኑ ሁለቱንም አረጋጋ። ልጁ በመጨረሻ ሦስቱ እውነተኛ ነበሩ እኮ ብሎ ተወው።

ምላሽ 18

አጭር ናት፤ እኔን ግን አስደነገጠችኝ። መቆጣጠሪያዋ አኃዝ ገጠመች ማለት የፈለግሽው ኬሚካል ነው ማለት አይደለም የምትል ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ውሃ የሌለበት የመዳብ ሰልፌት 7758-98-7 ነው። አምስት ውሃ ያለበት 7758-99-8። ሁለቱም ቁጥር ይገጥማል፣ ሁለቱም እውነተኛ ነው፣ ጎን ለጎን ናቸው። የግዢ ወረቀት ላይ አንዱ በሌላው ተተካ። ነጩ ዱቄት ተጠብቆ ሰማያዊው ክሪስታል መጣ። አዲስ የገባው ልጅ በነጩ ክብደት መዘነው። 159.6 ግራም ሞል ይሆናል ያለው፣ ሰማያዊው ሞሉ 249.7 ነው። መዳቡ ከሚያስፈልገው 64 በመቶ ብቻ ሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሲወቅሱ ከረሙ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያዘዝኳቸውን ኬሚካሎች ዝርዝር እንደገና ከፍቼ አየሁ። አንዱን አስተካከልኩ። የትኛውን እንደሆነ አልናገርም።

ምላሽ 19

ጀርመን የሚኖር ሰው ነው። ጋሼ የጠቀሷቸውን የ1890ዎቹን ጽሑፎች አግኝቷቸዋል። በጀርመንኛ የታተመውን ወደ አማርኛ እየመለሰ እንደሚልክልኝ ቃል ገባ። ቁጥር 6 ሳይቀር አመሰገነው።

እስካሁን ሁለት ገጽ ልኮልኛል። ቀሪውን ለፋሲካ ብሏል። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልነገረኝም።